ሎማ ሊንዳ ገበያ፦ ሥጋ የማይሸጥበት ሱፐርማርኬት ምን ይገዛበታል?

ከሎስ አንጀለሷ ትንሿ ኢትዮጵያ ወደ ምሥራቅ ከ60 ማይል በላይ ነድቶ እህልና ጥራጥሬ መግዛት ያዋጣል? ለጿሚ ቤተሰብ፣ አዎ፤ የሚገዛውን ለይቶ ለሚያውቅ ግን ብቻ ነው።

ሎማ ሊንዳ ገበያ በካሊፎርኒያዋ ሎማ ሊንዳ ከተማ፣ አንደርሰን ጎዳና ላይ ነው፤ ባለቤቱ ቅዳሜን የሚያከብሩት ክርስቲያኖች፣ የአድቬንቲስቶቹ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥጋም አልኮልም የለበትም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ አይከፍትም፤ ስለዚህ እሁድ ወይም በሥራ ቀን ሂዱ።

ከተማዋን ያስጠራት የነዋሪዎቿ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት 30 ዓመት የሞላቸው ነጭ የካሊፎርኒያ አድቬንቲስቶችን ከሌሎች ነጭ የግዛቲቱ ነዋሪዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ ወንዶቹ 7.3፣ ሴቶቹ 4.4 ዓመት የበለጠ ዕድሜ እንደሚጠብቃቸው አገኘ። አለማጨሱ፣ እንቅስቃሴው፣ የሰውነት ክብደቱና አመጋገቡ ተደምረው ነው ይህን ያመጡት። ዕድሜ በከረጢት ተሞልቶ የሚሸጥ የሚመስለው ሰው ባይደክም ይሻላል።

የገበያው ዋና ሀብት እህሉ፣ ጥራጥሬውና ለውዙ በሚዛን የሚሸጥበት ክፍል ነው። ዋልነትና አልመንድ ጨው ያልነካውን፣ ጥሬውን ምረጡ። እዚያው በአድቬንቲስቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ፍሬዎችን በሳምንት ከአራት ጊዜ በላይ የሚበሉት ሰዎች፣ በሳምንት አንዴ እንኳ ከማይበሉት ይልቅ በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የቀን ልኩ ወደ 28 ግራም፣ ማለትም 23 ፍሬ አልመንድ ወይም 14 ግማሽ ዋልነት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ካሎሪው ይከብዳል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ዋልነት ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ሙቀትና ብርሃን ባለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጣችሁት አሮጌ ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ይመርራል። አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ስድስት ወር፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ተልባ እንደዚሁ ነው፤ ሳይፈጭ ግዙት። ሳይፈጭ ከተበላ አብዛኛው ሳይፈርስ በሆድ ውስጥ ያልፋል፤ ተፈጭቶ ከከረመ ደግሞ ዘይቱ ይበላሻል። የሳምንት ያህሉን ብቻ አመስ አድርጋችሁ ፍጩ።

ምስርና አተር ክክም ለወጥ ይሆናሉ። ነገር ግን በጾም ድስት ላይ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ከፈሰሰበት ወጡ በካሎሪ ይከብዳል። ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልታችሁ በውኃ ብታበስሉት፣ መጨረሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለአራት ሰው ይበቃል።

በቆርቆሮ የታሸገው ሥጋ መሰል፣ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ግሉተን የሚሠራው፣ ለዓመት በዓል ጠረጴዛ ይሁን እንጂ የዘወትር ምግብ አይሁን። ከቆርቆሮው ጀርባ ላይ የሶዲየሙን (የጨው ንጥረ ነገሩን) መጠን አንብቡ፤ በአንድ ድርሻ ከ400 ሚሊግራም ካለፈ መልሱት። የአዋቂ የቀን ጣሪያ 2,300 ነው፣ በርበሬና ሽሮ ላይ የምንጨምረውም ጨው አለ።

ወተትና እንቁላልም ከተዋችሁ አስተውሉ፦ ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬ አይገኝም። አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል፤ ቢ12 የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ወይም እንክብል አብራችሁ ግዙ።