አባታችንን ላገኙልን የፖሊስ ባለሙያና አነፍናፊ ውሻቸው የቀረበ ምስጋና

የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባታችን ባለፈው ወር ማለዳ ከቤት ወጥተው በጠፉብን ጊዜ ፈልገው ያገኙልን አንድ የፖሊስ አነፍናፊ ውሻና ውሻውን የሚመሩት ባለሙያ ናቸው። ባለሙያዋ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁን አንጠራቸውም፤ ሥራቸውን መናገር ግን ግዴታችን ነው።

እንደ ደረሱ በመጀመሪያ ያደረጉት ሰውን ሁሉ ከደጃፉ ዞር ማድረግ ነበር። ከሰው ገላ ሳያቋርጥ የሚረግፈው የቆዳ ብናኝ መሬትና ሣር ላይ እየቀረ ውሻው የሚከተለው ዱካ ይሆናል፤ ብዙ እግር ሲረግጠው፣ ፀሐይ ሲያደርቀውና ነፋስ ሲበትነው ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። እኛ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከጎረቤቶቻችን ጋር ግቢውን ስንመላለስበት መቆየታችን ዛሬም ይቆጨኛል። የአባታችንንም የትራስ ልብስ ለእኛ አላስነኩም፤ ራሳቸው በጓንት አንሥተው ውሻው እንዲያሸተው አደረጉ።

ወንድሞቼና እኔ አባታችን ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው እንደ ሄዱ እርግጠኞች ነበርን። ባለሙያዋ ግን ግምታችንን ለእርሳቸው እንዳንነግራቸው በትሕትና ለመኑን። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። ውሻ የመሪውን አካሄድና የገመዱን መወጠር ሳይቀር የሚያስተውል እንስሳ ስለሆነ፣ መሪው አስቀድሞ ያመነውን ነገር ሳያውቀው ለውሻው ሊያስተላልፍ ይችላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ 18 መሪዎች ከነውሾቻቸው አደንዛዥ ዕፅም ሆነ ፈንጂ ባልተደበቀባቸው ክፍሎች ሲፈትሹ፣ መሪዎቹ ሽታ አለ ብለው ያመኑበት ቦታ ላይ ውሾቹ አገኙ የተባለበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ውሻው ከበር እንደ ወጣ እኛ ካሰብነው በተቃራኒ ታጠፈ፤ ባለሙያዋም ያለ ማመንታት ረጅሙን ገመድ ለቀቅ አድርገው ተከተሉት። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሽታው ጠፍቶበት ራሱን ቀና አድርጎ ሲዞር አልጎተቱትም፣ አላጣደፉትም፤ አፍንጫው ወደ መሬት እስኪመለስ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። እንዲህ ያለው ትዕግሥት ከውሻው አፍንጫ ባልተናነሰ አባታችንን ያተረፈ ይመስለኛል። አባታችን ከአንድ የውኃ መውረጃ ቦይ አጠገብ፣ ቁጥቋጦ ሥር፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ተቀምጠው ተገኙ። ባለሙያዋ ኮታቸውን አውልቀው ካለበሷቸው በኋላ፣ ከኪሳቸው ኳስ አውጥተው ውሻውን አጫወቱት፤ ለእርሱ የድካሙ ዋጋ ይኸው ነው።

ባለሙያዋን ከልብ እናመሰግናለን፤ አለቆቻቸውም ይህን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። እንደ እኛ የጨነቀው ቤተሰብ ቢኖር፣ በራሱ ፍለጋ ሰዓት ሳያባክን ለፖሊስ ደውሎ አነፍናፊ ውሻ ይጠይቅ። የጠፋው ሰው የለበሰውን ያልታጠበ ልብስ ማንም አይንካው፤ ስለ አቅጣጫው ያለውን ግምትም ፍለጋውን ለሚያስተባብሩት ፖሊሶች ይንገር እንጂ ውሻውን ለሚመራው ሰው አይንገር።