ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የሆም ኬር (ቤት ድረስ መጥቶ የመርዳት) አገልግሎት፦ 4 ከ5

የኤጀንሲውን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ቅሬታም ስላለኝ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። የያዝነው ለአክስቴ ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሲኒየር አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፣ ፖስታው ሳይከፈት ተከምሯል፣ የግፊት መድሃኒታቸው እንደተገዛ ተቀምጧል፣ ያቺው ሹራብ ከላያቸው አትወርድም፣ ሰውነታቸው አልቋል፣ ለምን አይበሉም ሲባሉ «ጾም ላይ ነኝ» በቃ፣ ሐበሻ ጾመኛ ነኝ ካለ ደግሞ ማን ይከራከራል።

መርሳት መጀመራቸውን ያወቀችው ኤጀንሲው የላካት ልጅ ናት። እንደመጣች ፎርም አላወጣችም፣ «እማማ ቡና እናፍላ» ነው ያለችው። አክስቴ ቆልተው ወቅጠው አቦሉን ቀድተው ሳይጨርሱ እንደገና ሊቆሉ ተነሱ፣ ምድጃው እንደበራ ነው። ቅደም ተከተል ያለው ስራ ሲምታታ የመርሳት አንዱ ምልክት ነው አለችኝ። ጾሙ ሰበብ መሆኑንም የነቃችው እሷ ናት፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ነበር፣ ረቡዕና አርብ እንኳን የማይጾምበት! ይሄን ፈረንጅ ነርስ ከየት ታውቀዋለች።

ኤጀንሲው ለሀኪማቸው የጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ብቻውን አንድ ኮከብ ያወጣል። ክሊኒኩ ሞካ የሚባለውን፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚለካ ከ30 የሚታረም ፈተና ሰጥቷቸው ነበር፣ 26ና ከዛ በላይ ደህና ይባላል። ሰዓት ስለው አስራ አንድ ከአስር ያሳዩ ሲባሉ በሐበሻ አቆጣጠር ትንሹን ዘንግ 5 ላይ አደረጉ፣ ዓመተ ምህረቱንም በእኛው ተናገሩ፣ ሁለቱም ስህተት ተብሎ ተያዘ። የኤጀንሲው ነርስ ይሄን ለይታ አስረዳች፣ መርሳቱ ግን የእውነት መሆኑን አልደበቀችም፣ ቢ12ና ታይሮይድም እንዲታይ ጠየቀች ምክንያቱም በነሱም ሰው ይረሳል፣ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። እኛ ጋ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው ስንቱ ነው።

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም፣ ሰራተኛም አልቀጠርኩም» ብለው በር የዘጉባትም ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ኤጀንሲው ግልጽ ነበር፣ አደጋ ላይ ከደረሱ ለአደልት ፕሮቴክቲቭ ሰርቪስስ (አደጋ ላይ ያሉ አዋቂዎችን ጉዳይ ለሚከታተለው የመንግስት ቢሮ) እናሳውቃለን አሉን። ዘመድ ሁሉ «መንግስት ሊወስዳቸው ነው» ብሎ ተንጫጫ፣ ቢሮው ግን ፖሊስ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚደርሰውም ራሱን የጣለ ሰው ጉዳይ ነው፣ የሚሆነውን ተረድቶ እምቢ የሚልን ሰው በግድ አያደርጉትም።

ኮከብ የቀነስኩት ሰው ስለሚቀያይሩ ነው። መርሳት ለጀመረ ሰው በየጊዜው አዲስ ፊት መላክ ምን የሚሉት ነው? ቅዳሜና እሁድ አማርኛ የማትችል ትመጣለች፣ አክስቴ አይከፍቱላትም፣ ሰዓቱ ግን ይቆጠርብናል፣ ስደውል «ሺፍቱ ተሸፍኗል» ይሉኛል ምን ልበላችሁ። ክፍያውም ከኪሳችን ነው፣ ሜዲኬር (የአረጋውያኑ የመንግስት የጤና መድን) እንዲህ አይነቱን የረጅም ጊዜ እርዳታ አይከፍልም፣ ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግስት መድን) ብቁ የሆነ ግን ሊከፈልለት ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት እሱን ጨርሱ። አንድ ልጅ ቋሚ እንድትሆንም ኮንትራቱ ላይ አስጽፉ፣ እኔ በአፍ እሺ ያሉኝን ስጠይቅ «ወረቀቱ ላይ የለም» ነው የተባልኩት።