ኤፕራ ወይስ የአውሮፓ ሚዲያ ቦርድ? ለተቆጣጣሪዎች የትኛው ይሻላል?

የሳተላይት ቴሌቪዥን ድንበር አያውቅም። የአንድ አገር የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ተቆጣጣሪ ተቋም ሥልጣን ግን ድንበር ላይ ያበቃል። ስለዚህ መተባበር የግድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ኤፕራ (የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት መድረክ)፣ እና በ2025 ሥራ የጀመረው የሚዲያ አገልግሎቶች ቦርድ።

አባልነት፦ ኤፕራ ሰፊ ነው፤ ጆርጂያና አርሜኒያም አሉበት። ቦርዱ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ተቆጣጣሪዎች ነው።

ሥራ፦ ኤፕራ ልምድ መለዋወጫ ነው፤ የጋራ አቋም አያወጣም። እኔ ይህን እንደ ድክመት አላየውም። ሰው ችግሩን በግልጽ የሚያወራው ውሳኔ በማይጠበቅበት ቦታ ነው። ቦርዱ ግን በሕግ የቆመ ነው፤ አስተያየቱም ክብደት አለው።

ስጋት፦ የቦርዱን ጽሕፈት ቤት የሚያደራጀው የአውሮፓ ኮሚሽን ነው። ይህ የነፃነት ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄው ተገቢ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሊቱዌኒያ ስዊድን ውስጥ የተመዘገበውን የሩሲያ ቻናል አርቲአር ፕላኔታን ለ3 ወር አግዳ ነበር። ዝም ብላ ግን አልዘጋችም፤ ለኮሚሽኑ ማሳወቅ ነበረባት። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲመጣ ወዳጅነት ብቻ አይበቃም፤ በሕግ የቆመ ቦርድ ያስፈልጋል። ገና እየተደራጀ ያለ፣ ባለሙያዎቹ ከሌሎች እንዲማሩ የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ግን ኤፕራ ይበቃዋል።