አንኪ ለሳይካትሪ ተማሪ፦ ምን ያህል ያግዛል?

አንኪ ጥያቄና መልስ በካርድ እያሳየ፣ ሊረሳ የደረሰውን መልሶ እያመጣ የሚያስጠና መተግበሪያ ነው። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፤ በአይፎን ይሸጣል። ካርዱ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሆስፒታል ተረኛ ለሚያድር ሬዚደንት ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቁጥርና የጊዜ ገደብ ላይ ነው። በዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር የአእምሮ ሕመም መለያ መጽሐፍ) ስኪዞፍሬኒያ ለማለት ሕመሙ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለበት፤ በአይሲዲ-11 (የዓለም ጤና ድርጅት የሕመም መለያ) ግን 1 ወር ይበቃል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የመጽሐፉ ስም ካልተጻፈ ትክክለኛው መልስ ራሱ ያሳስታል። ለባይፖላር ሕመም በሚሰጠውና መጠኑ በደም ምርመራ በሚለካው መድኃኒት፣ በሊቲየም ላይ ደግሞ ሦስት ካርድ ያስፈልጋል፦ ደም የሚቀዳው ከመጨረሻው ኪኒን ስንት ሰዓት በኋላ ነው (12)? ሕመሙ እንዳይመለስ ለሚሰጥ የማቆያ ሕክምና ደም ውስጥ የሚፈለገው መጠንስ (አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል)? ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ «ለምን 12?» የሚለው ነው። ቶሎ ከተቀዳ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ታካሚውም በከንቱ መድኃኒት ይቀነስበታል። ሦስቱን አንድ ካርድ ላይ መጫን ስህተት ነው፤ ሁለቱን መልሶ አንዱን የረሳ ተማሪ «አስታወስኩ» ከሚለውና «ረሳሁ» ከሚለው የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ይቸግረዋል።

አንኪ ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ክለሳው እየተደራረበ ስለሚሄድ ዋርድ ለሚውል ሰው ይበዛል፤ 8 ወይም 10 ይበቃል። ከ23.10 ዕትም ጀምሮ ያለውን ኤፍኤስአርኤስ የተባለውን፣ ካርዱ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚወስን ቀመር ማብራት ይሻላል። ካበሩት በኋላ ግን የረሱትን ካርድ «ሃርድ» (ከባድ) ብለው አይለፉት። ቀመሩ «ሃርድ»ን እንደ ማስታወስ ስለሚቆጥረው ቀጠሮው ይዛባል፤ ከረሱ የሚጫኑት «አጌን» (እንደገና) ነው። 8 ጊዜ ተረስቶ የታገደ ካርድም አጻጻፉ ይስተካከል እንጂ እንዳለ አይመለስ።

በብዛት የሚገኙት ዝግጁ ካርዶች ለአሜሪካ ፈተና በእንግሊዝኛ የተሠሩ ናቸው። «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል» ብሎ ለሚመጣ ሰው እዚያ ውስጥ መልስ የለም። ድብርት ይሁን ጭንቀት ወይስ ሌላ ሕመም የሚለየው መቼ ጀመረ፣ እንቅልፍዎስ እንዴት ነው፣ ሲያቃጥልዎ ምን ያስባሉ እያሉ በመጠየቅ ነው፤ ይህም ሲኒየር ሲጠይቅ አጠገቡ ተቀምጦ የሚለመድ ሙያ ነው።

የታካሚ ስም፣ የሆስፒታል ካርድ ቁጥር ወይም ፎቶ አንኪ ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ማመሳሰያው ሲከፈት ሁሉም ወደ ውጭ ሰርቨር ይሄዳል።