ዜማው ሲጠፋ የሚታየው፦ «ድሪምወርልድስ 3»

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ድሪምወርልድስ 3» ሴቶች በሙዚቃ ቪዲዮ የሚቀርቡበትን መንገድ ከመረመሩ ዘጋቢ ፊልሞች ሁሉ በጥልቀት የነካኝ ነው። አዘጋጁ፣ የኮሙኒኬሽን ምሁሩ ሱት ጃሊ፣ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ቢመስልም ኃይለኛ ነው፤ የዘፈኖቹን ድምፅ አጥፍተው ምስሉን በራሳቸው ትረካ ያሳዩናል። ዜማው ሲለየው፣ ምቱ እያዘናጋን ሳናስተውለው ያለፍነው ሁሉ ገሃድ ይወጣል። ካሜራው ከሴቲቱ እግር ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ፊቷ ጋ ሳይደርስ ይቆረጣል፤ ወዲያው ደግሞ ሙሉ ልብስ የለበሰው ዘፋኝ ዓይን ለዓይን ይመለከተናል። እሱ ስምና ታሪክ አለው፤ በዙሪያው የቆሙት ሴቶች ግን አንዷ በሌላዋ ብትተካ ልዩነቱ አይታወቅም። ይህን አንድ ጊዜ ያስተዋለ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ቪዲዮዎችን እንደ ቀድሞው ሊመለከት አይችልም።

የዚህ ተከታታይ የመጀመሪያው ፊልም በወጣበት ወቅት የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ ቅንጭብጫቢ ምስሎቹ ያለ ፈቃድ ተወስደዋል በሚል በሕግ እጠይቃለሁ ብሎ ነበር፤ ጃሊ ግን ለትምህርትና ለሂስ መጠቀም መብት ነው ብለው ጸኑ፤ በእኔ እምነት ልክ ነበሩ።

ቅር ያሰኘኝ፣ ሴት ዘፋኞች ራሳቸው ስለሚመርጡት አቀራረብ ፊልሙ የሰጠው ጊዜ ማነሱ ነው፤ ምርጫው ምን ያህል የእነርሱ፣ ምን ያህል የአሳታሚው እንደሆነ ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባው ነበር። በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚያሳዩ ከባድ ምስሎች ስላሉት ለሕፃናት አይሆንም፤ መምህራንም አስቀድመው ቢያዩት ይበጃል።