ቁጥሩን አይቼ ተሸወድኩ፦ የሞንስተር ሀንተር መሣሪያዎች ንጽጽር

ሞንስተር ሀንተር ወርልድን፣ ግዙፍ አውሬ የሚታደንበትን የቪዲዮ ጌም፣ በቅናሽ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠላው ከረምኩ። ጥፋቱ የጌሙ ሳይሆን የኔ ነበር። ገና ስትጀምሩ አሥራ አራት ዓይነት መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ይጠብቃችኋል፤ ከየስሙ አጠገብ የጥቃት ቁጥር አለ። ሀመር (መዶሻው) 416፣ ግሬት ሶርድ (ከባዱ ሰይፍ) 384፣ ዱዋል ብሌድስ (ጥንድ ስለቶቹ) 112። እና 416 እያለ ማን 112 ያነሳል? መዶሻዬን ተሸክሜ ወጣኋ።

ቁጥሩ ግን ሸዋጅ ነው። ወርልድ የእያንዳንዱን መሣሪያ ጉልበት በራሱ ማባዣ አብዝቶ ነው የሚያሳየው፤ ሀመርን በ5.2፣ ግሬት ሶርድን በ4.8፣ ዱዋል ብሌድስን በ1.4። ማባዣውን ካነሳችሁለት ሦስቱም እኩል 80 ናቸው። አንዱ ከባድ ምት ቆይቶ ያሳርፋል፣ ሌላው ትንንሹን ያዘንባል፣ በቃ ልዩነቱ ይኸው ነው። በኋላ የወጣው ራይዝ የተባለው የሞንስተር ሀንተር ጌም ይህን ትቶ እውነተኛውን ቁጥር ያሳያል፣ ተመስገን።

ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ ቁጥሩን እርሱት። ይልቅ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። አውሬው ዞሮ ሲያፈጥባችሁ እጃችሁ ቀድሞ ምን ያደርጋል? ይሸሻል? ይመክታል? ወይስ ጭራሽ ይጠጋል?

ግሬት ሶርድ ወይስ ሎንግ ሶርድ

ብዙ ሰው የሚጨነቀው በእነዚህ በሁለቱ ነው፣ ምክንያቱም በፎቶ ሲታዩ ሁለቱም ትልልቅ ሰይፍ ናቸው። በእጅ ሲያዙ ግን ሰማይና ምድር።

ግሬት ሶርድ የሚሸሽ ሰው መሣሪያ ነው፤ ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ። አስቡት እስቲ። ሰይፉ ተመዝዞ እያለ እርምጃችሁ የኤሊ ነው፣ ስለዚህ ጀርባችሁ ላይ መልሳችሁት ትሮጣላችሁ፣ አውሬው ተወናጭፎ ጨርሶ ቆም ሲል በአንድ ምዛዥ ታሳርፉበትና መልሳችሁ ትጠፋላችሁ። ጀማሪ በዚህ ብቻ ጌሙን ሩቅ ድረስ መግፋት ይችላል። ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙ ጉልበቱ በሦስት ደረጃ ይጠራቀማል፤ ሦስተኛውን አልፋችሁ ከያዛችሁት ግን ይወርዳል፣ ስስት አያዋጣም። ሲበስላችሁ ደግሞ ትከሻ መምታቱን ትማራላችሁ፦ እያጠራቀማችሁ አውሬው ሲመጣባችሁ በትከሻ ትገፉታላችሁ፣ ትጎዳላችሁ ግን አትወድቁም፣ እሱን ተከትሎ የሚመጣው ትሩ ቻርጅድ ስላሽ የሚባለው ምት ነው ሰውን ሱሰኛ የሚያደርገው። አውሬው ከተኛ ደግሞ የመጀመሪያው ምት ጉዳቱ ስለሚጨምር ቡድኑ ሁሉ ቆሞ የግሬት ሶርዱን ሰው ይጠብቃል። ክብር ነው። ከሳታችሁት ግን መቼም አይረሱላችሁም።

ሎንግ ሶርድ ተቃራኒው ነው። መመለስ የለም፣ መዝዛችሁት ትውላላችሁ። በመታችሁ ቁጥር አንድ መስመር ይሞላል፣ እሱን አውጥታችሁ የምትሰነዝሩት ተከታታይ ምት መጨረሻ ላይ ሲያርፍ የሰይፉ ቀለም ነጭ፣ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ላይ ስትደርሱ ጥቃታችሁ በደንብ ይከብዳል። ነፍሱ ያለችው ግን ፎርሳይት ስላሽ ላይ ነው፤ አውሬው ሊመታችሁ ሲል ወደ ኋላ ሸርተት ብላችሁ ምቱን ታሳልፉና መልሳችሁ ትቆርጡታላችሁ። ሲሳካ ፊልም ይመስላል። ሳይሳካ የሞላችሁት መስመር ባዶ ሆኖ መሬት ላይ ተዘርራችኋል። አውሬው ከየት እንደሚመጣ እስክታጠኑ ድረስ ብዙ ትዘረራላችሁ፣ ሕይወታችሁ አልቆ ሦስተኛ ጊዜ ከወደቃችሁ ደግሞ አደኑ ይከሽፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ለምታስቡ። የሎንግ ሶርድ ረጅም ቁርጥ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ያደናቅፋል። ጉዳት የለውም፣ ግን የግሬት ሶርዱ ሰውዬ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ሊያሳርፍ ሲል እግሩን ብትመቱበት ምን እንደሚላችሁ እዚህ አልጽፈውም።

የኔ ፍርድ፦ ብቻችሁን ለመጀመር ግሬት ሶርድ። ሎንግ ሶርድ የሚያምረው አውሬዎቹን ካወቃችሁ በኋላ ነው።

የኔ መዶሻስ?

ሀመር ቦታው አንድ ነው፣ ጭንቅላት። አናቱን ደጋግማችሁ ስትሉት አውሬው ራሱን ስቶ ይዘረርና ሁሉም ሰው እንደ ሠርግ ምሳ ይሰፍርበታል። እኔን ያናደደኝ ራቲያን የምትባለው አውሬ ላይ ነው። ራቲያን ተገልብጣ በጅራቷ ስትመታችሁ ትመርዛችኋለች፣ ያንን ጅራት ቆርጦ መገላገል ነው የሚሻለው፣ መዶሻ ደግሞ ይፈረክሳል እንጂ አይቆርጥም። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጅራት ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ማንም አልነገረኝም! ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ ግን አንድ ሀመር ጭንቅላት ላይ፣ አንድ ሎንግ ሶርድ ጅራት ላይ ቢሆን ግሩም ነው፤ ቢያንስ አትደናቀፉም።

መመከትና መጠጋት

ላንስ ጋሻና ጦር ነው። የድሮ አርበኞችን ፎቶ ለምናውቅ ሰዎች ይህ መሣሪያ ባዳ አይደለም። አውሬው አፍንጫ ሥር ትቆማላችሁ፣ ትመክታላችሁ፣ ሲጨርስ ሦስት ጊዜ ትወጋላችሁ፣ እንደገና ትመክታላችሁ። ይደብራል የሚሉት ሞክረውት የማያውቁት ናቸው። ሌላው ሁሉ ሲሯሯጥ ከቦታው የማይነቃነቀው እሱ ነው።

ዱዋል ብሌድስ ለጣት ፈጣኖች ነው፣ ግን ወጪ አለው። አንደኛ፣ ዲመን ሞድ የሚባለው የፈጣን ምት ስልት ውስጥ ስትገቡ ያቺ ቢጫ የትንፋሽ መስመር እንደ ሻማ ትቀልጣለች። ሁለተኛ፣ ስለቱ ቶሎ ስለሚደነዝዝ በየመሃሉ መሳል ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ብዙ ምት ስለሚያሳርፍ እሳት፣ ውሃ፣ መብረቅ፣ ድራገን የሚባሉት በምቱ ላይ የሚጨመሩ የጉዳት ዓይነቶች ከሌላው ይልቅ ለእሱ ይጠቅሙታል፤ ስለዚህ አንጃናት ለሚባለው አውሬ የውሃ፣ ራታሎስ ለሚባለው የድራገን እያላችሁ አምስት ጥንድ ልትሠሩ ነው። ያ ሁሉ ቁሳቁስ የሚገኘው ደግሞ አንዱን አውሬ ደጋግሞ በማደን ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው አይሆንም።

ሶርድ ኤንድ ሺልድ፣ ማለትም ሰይፍና ጋሻው፣ መሣሪያውን ሳይመልሱ መድኃኒት ያስጠጣል፣ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ሀንቲንግ ሆርን መለከት ነው፣ እየመታችሁ ለቡድኑ ትነፋላችሁ። ቻርጅ ብሌድ የሚባለውን ውስብስብ መሣሪያ በመጀመሪያው ወር አትንኩት።

እና የቱን ጌም ልግዛ?

ይህም ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ነው።

ወርልድ በ2018 ወጣ፣ አሁንም ለጀማሪ ምርጫዬ እሱ ነው። ፒሲ ላይ 8 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 760 ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ይነሳል። አይስቦርን የሚባለውን ማስፋፊያ ስትጨምሩ ክላች ክሎው የሚባል መንጠቆ ይመጣል፤ አውሬው ላይ ተንጠልጥላችሁ ምታችሁ እንዲጎዳው ቆዳውን ታለሰልሳላችሁ። ግሬት ሶርድና ሀመር በአንድ ምት ያለሰልሳሉ፣ ሎንግ ሶርድና ዱዋል ብሌድስ ግን ሁለት ጊዜ መንጠልጠል አለባቸው። በነፃ የሚሰጡትን ዲፌንደር የተባሉ መሣሪያዎች አትያዙ። ሁሉን ነገር በሦስት ደቂቃ ይገድሉላችሁና ምንም ሳትማሩ አይስቦርን ላይ ታለቅሳላችሁ።

ራይዝ ቀለል ይላል፣ ኮምፒውተር ላይም ሆነ አጨዋወት ላይ። ኔንቲንዶ ስዊች የተባለው መጫወቻ ካላችሁ እሱ ነው። ዋየርባግ በሚባል ክር በሚዘረጋ ነፍሳት አየር ላይ ስለምትወረወሩ ስትወድቁም ቶሎ ትነሳላችሁ፣ አደኑም ባብዛኛው አጭር ነው። እንደኔ መብራት በየሰዓቱ ለሚሄድበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አደን መሃል መብራት ከሄደ ልፋታችሁን ውሃ በላው።

በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዋይልድስ ለግሬት ሶርድ ሰው ገነት ነው። ፎከስ ሞድ ስላለው ያጠራቀማችሁትን ምት ወደፈለጋችሁት ታዞራላችሁ፣ ሁለት መሣሪያም ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ስለዚህ የኔን የጅራት ችግር ፈቶታል። ግን 16 ጊጋ ራም፣ ቢያንስ ጂቲኤክስ 1660 እና ኤስኤስዲ ይጠይቃል፣ ያ ኖሮም ፒሲ ላይ ይንገዳገዳል። አሮጌ ላፕቶፕ ይዛችሁ አትሞክሩት።

ስቲም የተባለው የፒሲ ጌም መደብር ላይ ከገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ወርልድ መግቢያው ረጅም ነው፣ ስለዚህ የገጸ ባሕሪያችሁን አፍንጫ በማስተካከል አርባ ደቂቃ አታቃጥሉ። አስቴራ የሚባለው የአዳኞች ሰፈር እንደደረሳችሁ ክፍላችሁ ገብታችሁ የቤት ጠባቂዋን ድመት አናግሩና ወደ መለማመጃው ሂዱ፤ አሥራ አራቱም እዚያ አሉ፣ በርሜል እየመታችሁ ሞክሩ።