በጅማ ለጎዳና ነዋሪዎች የሚሰጥ የጉዳይ ክትትል አገልግሎት፦ ጥንካሬውና ጉድለቱ

በጅማ ከተማ መጠለያ አጥተው ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎችን አንድ በአንድ እየመዘገበ የሚከታተልና የሚደግፍ፣ በተለምዶ ኬዝ ማኔጅመንት የሚባለውን ሥራ የሚሠራ ቢሮ አለ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች በብዙ ተመሳሳይ ቢሮዎች የሚታዩ ስለሆኑ ስሙን መጥቀስ አላስፈለገኝም። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ያድር የነበረ ወጣት በዚህ አገልግሎት ሲያልፍ በቅርብ ተከታትያለሁ። «እንዲህ ያለ ሰው ብንጠቁማቸው ምን ያደርጉለታል?» ብለው ለሚጠይቁ ያየሁትን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ወጣቱ ከዳውሮ ለቡና ለቀማ የመጣ ነው። ለቀማው በጥቅምትና በኅዳር ደርቶ ሲያበቃ እንደ ብዙዎቹ የወቅት ሠራተኞች ባዶ እጁን መመለስ ከብዶት ከተማው ውስጥ ቀረ፤ ቀን ቀን ሸክም እየተሸከመ፣ ማታ ማታ ካርቶን አንጥፎ በማዳበሪያ ጆንያ እየተሸፈነ ክረምቱ ደረሰበት። እኛ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ስናናግረው ከአንድ ቃል በላይ አይመልስም ነበር፤ አንዳንዶች እንዲያውም አእምሮው የታወከ ይመስላቸው ነበር።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ስትመጣ ወረቀትም ብዕርም አላወጣችም። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ በዳውሮኛ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችው። ቀና ብሎ አያት፣ የአባቱን ስም ነገራት፤ እሷም ወደ እናቱ ወገን፣ ከዚያም ወደ አጎቶቹ አለፈች፤ ወሬያቸው ረዘመ። በኋላ ቢሮ ሄጄ ፋይሉን ስትከፍት እንዳየሁት፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ የተሣለው የዘመዶቹ ሐረግ ነው፦ በአንድ በኩል የአባት ቤት፣ በሌላው የእናት ቤት፣ ከሥር ያሳደገችው አክስቱ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የቀዬው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስልክ። የት እንደሚያድር የሚገልጸው ክፍል ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል የአገልግሎቱ ዋና ብርታት አድርጌ እወስደዋለሁ። በካናዳ በአገሩ ነባር ሕዝቦች መካከል የሚታየውን ቤት አልባነት የሚመለከት ትርጓሜ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ያዘጋጀው ከእነዚሁ ሕዝቦች መካከል የሜቲስ-ክሪ ተወላጅ የሆነው ጄሲ ትስል ጉዳዩን በ12 ገጽታዎች ከፍሎ፣ ቤት አልባነት ጣሪያ ማጣት ብቻ ሳይሆን ከመሬት፣ ከዘመድ፣ ከባህልና ከቋንቋ መነጠል ጭምር መሆኑን አስቀምጧል። የእነሱ ታሪክ በቅኝ ግዛት የተሠራ በመሆኑ ከእኛ ጋር አንድ ነው አልልም። ነገር ግን ዘመዶቹ እያሉ ስማቸውን የሚጠራለት አጥቶ በረንዳ ላይ ለተኛ ሰው፣ ከቤቱ በፊት ወገኑን መጠየቅ እዚህም የሚሠራ አካሄድ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ብርታቱ የወረቀቱን ጣጣ እስከ መጨረሻው መያዙ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛው ቢገኝ እንኳ የሚኖርበትን ቤት ማሳየት አለበት። ጎዳና ላይ ያለ ሰው ሁለቱንም አያገኝም። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ በመንግሥት እንደሚሸፈን ቢታወቅም፣ ምልመላው በየቀበሌው ስለሚካሄድ ነዋሪነቱ ያልተመዘገበ ሰው ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል፤ ማለትም ድጋፉ የታሰበለት ሰው ራሱ ሳያገኘው ይቀራል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በፋይዳ ጀመረች፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው ቀድሞ በተመዘገበ ሰው ምስክርነት እንዲመዘገብ ስለሚፈቅድ፣ በረንዳው ላይ ያስጠለለው ባለሱቅ መሰከረለት። ፋይዳ ማንነትን እንጂ የቀበሌ ነዋሪነትን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ መሸኛውን በአክስቱ በኩል ከዳውሮ አስመጡ፣ በከተማው ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ክፍል ሲከራይ ደግሞ ቀበሌ ድረስ አብራው ሄደች። የወር ኪራዩን የመጀመሪያ ክፍያ ቢሮው ሸፈነ።

አክስቱም በስልክ «ለመስቀል ይምጣልኝ፣ ባዶ እጁን ቢመጣም ልጄ ነው» ብላ ነበር፤ ለመስቀል ሄዶ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ሁሉም ጉዳይ ግን እንዲህ አልተያዘም፤ ይህም እጅግ ያሳስበኛል። ሌሎች ሰዎች የአውቶቡስ ትኬት ተቆርጦላቸው እንደተሳፈሩ «ከቤተሰቡ ጋር ተቀላቅሏል» ተብሎ ፋይላቸው ተዘግቷል፤ ከእነሱም በሚቀጥለው የለቀማ ወቅት እዚያው በረንዳ ላይ ያገኘናቸው አሉ። የተቀባዩን ቤተሰብ አቅም ሳይጠይቁ፣ ከደረሰም በኋላ ሳይደውሉ ሰውን መሸኘት ድጋፍ ሊባል አይገባውም። ምክንያቱ የሠራተኞቹ ግዴለሽነት አይመስለኝም፤ ጫናው ነው። በካናዳ አምስት ከተሞች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው ቤትን የማስቀደም ሙከራ (ቤት አልባ ለሆነ ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ መጀመሪያ ቤት ሰጥቶ ድጋፉን ከዚያ የሚያስከትል አሠራር)፣ ከባድ ድጋፍ ለሚሹት የተመደበው ቡድን አንድ ባለሙያ ለ10 ሰው ያህል ነበር፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ነባር ሕዝቦች በነበሩባት ዊኒፔግ ደግሞ የራሳቸው ድርጅቶች በሥራው ተሳትፈዋል። እዚህ በአንዲት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የተቆለለው ፋይል ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ዳውሮኛ የምትችለውም እሷ ብቻ ስለሆነች መስክ በወጣች ቀን የመጣ ሰው በምልክት ተግባብቶ ይመለሳል፤ የከፋና የየም ልጆችም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል።

ቃለ መጠይቁ ሌሎች ተራ ጠባቂዎች በሚሰሙበት ክፍል መካሄዱ ደግሞ በጀት የማይጠይቅ፣ ዛሬውኑ ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ነው። አንዲት እናት ከቤቷ ለምን እንደወጣች ስትጠየቅ ዙሪያዋን ተመልክታ ዝም ስትል አይቻለሁ፤ ያ ዝምታዋ ቅጹ ላይ «ፈቃደኛ አይደለችም» ተብሎ እንዳይሞላ እሰጋለሁ።

ከእነዚህ ጉድለቶች ጋርም ቢሆን አገልግሎቱን እንድትጠቀሙበት እመክራለሁ። ከመጠቆማችሁ በፊት ግን ሰውየውን ራሱን አነጋግሩትና ፈቃዱን ጠይቁ፤ ደጃችሁ እንዲጸዳላችሁ ብላችሁ የምትደውሉ ከሆነ አትደውሉ። ስትጠቁሙ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገርና በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ ግለጹ፤ የቀን ሥራ ፈላጊዎች ማለዳ ስለሚወጡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሠራተኛ የሚያገኘው ካርቶኑን ብቻ ነው። ፋይሉ ተዘጋ ሲባልም ማን ዘመድ እንደተቀበለውና ማን እንደሚደውልለት ጠይቁ።